ፖሊስ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል? ሀዋሳ ላይ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ፣ እዚሁ ሀዋሳ ፍርድ ቤት አካባቢ ዛፍ ስር ወንበርና ላፕቶፕ ዘርግቼ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ይሄን ከወዲሁ እወቁልኝ፣ ኬዛችሁ ከባድ ከሆነ ጠበቃ ያዙ፣ አቅም ከሌላችሁ ደሞ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣል እዛ ሂዱ። ግን በፖሊስ ጉዳይ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው፣ አንድ ቀን ጠዋት ብቻ ሶስት ሰው አንድ አይነት ጥያቄ ጠይቆኝ ምላሴ ሲደርቅ በቃ ልጻፈው አልኩ።

የአስተዳደር ተጠያቂነት ምንድነው? ከክስ በምን ይለያል?

ፖሊስ ሲያጠፋ ሶስት በር አለ። አንደኛው ወንጀል ነው፣ ዐቃቤ ህግ ከሶ ፍርድ ቤት ያስራል። ሁለተኛው ፍትሐ ብሔር ነው፣ ካሳ ትጠይቃለህ። ሶስተኛው የመስሪያ ቤቱ የራሱ ነው፣ ዲሲፕሊን የሚባለው፣ አለቃው ወይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አይቶ ይቀጣዋል። የአስተዳደር ተጠያቂነት የሚሉት ይሄን ሶስተኛውን ነው።

ሰው የማይገባው ሶስቱም አንድ ላይ መሄድ እንደሚችሉ ነው። አንዱ ሌላውን አይዘጋም። ወንጀሉ ማስረጃ አንሶት ፖሊሱ ነፃ ቢወጣ እንኳን ዲሲፕሊኑ በዛ አያበቃም፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ወንጀል ሰራ ወይ ብሎ ነው፣ መስሪያ ቤቱ ግን ለዚህ ስራ ይሆናል ወይ ነው የሚለው። ፖሊስ ሰው ላይ ምራቁን ቢተፋ እስር ቤት ላይገባ ይችላል፣ መለዮውን ለብሶ ይቀጥል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

መሰረቱ ህገ መንግስቱ ነው፣ አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊ ወይም የህዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል።

ጥፋት የሚባለው ምን ምን ነው? ስድብም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ሰው ጥፋት ሲባል ዱላና ጉቦ ብቻ ነው የሚመስለው። ስድብ፣ ማንጓጠጥ፣ በብሔር ወይ በሃይማኖት መዝለፍ፣ ጠጥቶ ስራ ላይ መገኘት፣ ከታሳሪ ቤተሰብ ስልክ ካርድ ምናምን መጠየቅ፣ መለዮ ለብሶ የግል ዕዳ ማስከፈል (ይሄ በጣም ብዙ ነው፣ የጓደኛውን ብር ሊያስመልስ ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ አለ)፣ ይሄ ሁሉ የስነ ምግባር ጥፋት ነው።

ሌላው ስራን ችላ ማለት ነው፣ ይሄኛው ምንም ባለማድረግ የሚፈጸም ጥፋት ስለሆነ ሰው አያስተውለውም። ተረኛው ከቦታው ጠፍቶ መገኘት፣ ጥበቃ ላይ መተኛት፣ ተጠርጣሪ ማስመለጥ፣ ኤግዚቢት መጥፋት (ስልክህ ኤግዚቢት ተብሎ ገብቶ ሲወጣ ሌላ ስልክ ሲሆን ማለት ነው)፣ ተጠርቶ አለመሄድ፣ መዝገብ ይዞ ወር ሙሉ ምስክር አለመጥራት። እና ደሞ ዋናው፣ አቤቱታ አልቀበልም ማለት።

ጣቢያ ሄጄ "ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም" ብለው መለሱኝ፣ ይቻላል?

አይቻልም። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም እኔንም አድርገውኛል። ከጥቂት አመት በፊት ሳይክሌን ሰረቁኝ፣ ሀዋሳ ደሞ ሳይክል ማለት እግር ነው፣ ወደ አንድ ጣቢያ ሄድኩ፣ ተረኛው "ጋሼ ሳይክል እኮ ነው፣ ስንት ትልቅ ጉዳይ እያለ" ብሎ ፈገግ አለ፣ እኔም ፈገግ ብዬ ወጣሁ። ሰው ማመልከቻ ጽፌ የምበላ ሰውዬ የራሴን በቃል አውርቼ ተመለስኩ። በሳምንቱ ሳይክሏን አንድ ልጅ ሲነዳት አየኋትና ሄጄ "የኔ ናት" ብል "መቼ አመለከትክ?" ተባልኩ። ምንም የለኝም። አንዲት መስመር መዝገብ ላይ ብትኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

ህጉ ምን ይላል፣ የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርዓት ህጋችን የ1954 ነው፣ አሮጌ ነው ግን አንቀጽ 22ን ብታነቡት ዛሬ የተጻፈ ይመስላል፣ ፖሊስ ወንጀል መሰራቱን ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ ይጀምራል፣ የቀረበለት ክስ ወይም ጥቆማ አጠራጣሪ ነው ብሎ ቢያስብ እንኳን ይመረምራል። ስለዚህ "አላምንህም" ብሎ መመለስ አይችልም፣ ካላመነ መርምሮ ነው አላመንኩም የሚለው።

በተለይ ሴቶች ባላቸው መቷቸው ሲሄዱ "የቤት ገመና ነው ሽማግሌ ይይዘዋል" ተብለው የሚመለሱት ነገር ያቃጥለኛል። ትዳር ውስጥ መደባደብ በ1996ቱ የወንጀል ህግ ወንጀል ነው፣ አንቀጽ 564 ለብቻው ጠቅሶታል። ሽማግሌ ይግባ አይግባ የራሷ የተመታችው ምርጫ ነው እንጂ የተረኛው አይደለም፣ ተረኛው ስራው መመዝገብ ነው።

ከመለሱህ ምን ታደርጋለህ፣ ሁለት ነገር። አንደኛ ዐቃቤ ህግ ጋ ሂድ፣ አቤቱታ ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለዐቃቤ ህግም ማቅረብ ይቻላል፣ ፖሊስ ስራውን በህጉ መሰረት መስራቱን የሚከታተለውም እሱ ነው። ሁለተኛ የመለሰህን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ ለጣቢያው አዛዥ አስገባ። አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ሲያዩ ያኔውኑ ይመዘግቡሃል፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አቤቱታዬን የት ላስገባ?

መጀመሪያ ፖሊሱ የየትኛው ነው የሚለውን ለዩ። በህገ መንግስቱ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ ያደራጃሉ፣ ፌዴራል ደሞ የራሱ አለው። ሀዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ነች፣ ክልሉ በ2012 ነው ክልል የሆነው፣ ድሮ ደቡብ ነበርን፣ ስለዚህ አሮጌ ማመልከቻ ኮፒ አድርጋችሁ "ለደቡብ ክልል ፖሊስ ኮሚሽን" ብላችሁ የምትመጡ ሰዎች እባካችሁ። መንገድ ላይ የምናያቸው የከተማው ፖሊሶች በክልሉ ስር ናቸው። የፌዴራል ፖሊስ ከሆነ ግን አቤቱታው የሚሄደው ወደ ራሱ አዛዥና ወደ ፌዴራል ፖሊስ ነው፣ ለክልሉ ብታስገቡ "አይመለከተንም" ብለው ሲመልሱ ትክክል ናቸው።

የከተማው ከሆነ ቅደም ተከተሉ ጣቢያ አዛዥ፣ ከዛ ክፍለ ከተማ፣ ከዛ ከተማ ፖሊስ፣ ከዛ ኮሚሽን ነው። አንዳንዱ ሰው ተናዶ በቀጥታ ኮሚሽነሩ ቢሮ ይሄዳል፣ መብቱ ነው ግን ወረቀቱ ተመርቶ ተመርቶ እታች ጣቢያው ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሶስት ሳምንት ጠፋ ማለት ነው። ከባድ ነገር ከሆነ ማለትም ድብደባ፣ ህገ ወጥ እስር፣ ወይ ጥፋተኛው ራሱ አዛዡ ከሆነ፣ ያኔ ከላይ ጀምሩ።

ከፖሊስ ውጪ ደሞ ሁለት ቤት አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አለ፣ ሀዋሳ ላይ ቢሮ አለው፣ በቃልም በጽሁፍም ይቀበላሉ፣ ገንዘብ የሚባል ነገር የለም፣ ታሳሪ ካለም ሄደው ያያሉ። እንባ ጠባቂም አለ፣ እሱ የአስተዳደር በደል ነው የሚያየው፣ ለምሳሌ አቤቱታ አስገብተህ መልስ ስትነፈግ። ሁለቱም ፖሊሱን ራሳቸው አይቀጡም፣ መርምረው ምክረ ሀሳብ ነው የሚሰጡት፣ ግን ከነሱ ደብዳቤ ሲመጣ የተኛ ፋይል ይነቃል።

ጉቦ ከሆነ ስነ ምግባርና ፀረ ሙስና ጋም ይሄዳል።

ማመልከቻው እንዴት ነው የሚጻፈው?

የኔ እንጀራ እሱ ነው፣ ግን ልንገራችሁ።

ሰው እንዲህ ብሎ ጽፎ ይመጣል፣ "በፖሊስ አባላት ከፍተኛ በደል የተፈጸመብኝ ስለሆነ ሰብዓዊ መብቴ ተጥሶ ስለምገኝ አፋጣኝ ፍትህ እንዲሰጠኝ በትህትና እጠይቃለሁ።" እሺ፣ ማን ነው? መቼ? ምን አደረገህ? ኮሚቴው ይሄን አንብቦ ማንን ይጥራ? ይሄ ወረቀት የትም አይደርስም፣ ቋንቋው ቢያምርም።

አሁን ይሄን እዩት፣ "ጥቅምት 14 ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ አቶቴ አካባቢ ባጃጄን አቁሜ ሰው ሳወርድ የደንብ ልብስ የለበሱ ሁለት ፖሊሶች መጡ፣ አንደኛው ረጅም፣ የሳጅን ማዕረግ ያለው፣ ቁልፌን ነጥቆ በጥፊ መታኝ፣ ለምን ስለው ሁለተኛው 500 ብር አምጣ አለኝ፣ ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ በር ላይ ቆመው የነበሩ ሁለት ሰዎች አይተዋል፣ ስማቸውና ስልካቸው ከዚህ በታች አለ።" ምሳሌ ነው፣ ማንንም ለማለት አይደለም። እንዲህ ከተጻፈ ግን የሚጠራ ምስክር፣ የሚታይ የስምሪት መዝገብ፣ የሚጠየቅ ሳጅን አለ።

ስድብ አትጻፉ፣ "ይሄ ጨካኝ አውሬ" ምናምን አያስፈልግም። የደረሰው ነገር ራሱ በቂ ነው። ያላየኸውን አትጨምር፣ "ሰክሮ ነበር" ከምትል "መጠጥ ይሸተው ነበር" በል፣ ስካሩን እነሱ ይመርምሩ። አንድ የተጋነነ ነገር ከተገኘብህ እውነተኛው ዘጠኙም አብሮ ይወድቃል።

እና ዋናው፣ ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጥ፣ ሁለተኛው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀን፣ ቁጥር እና ማህተም አስመታ። አናደርግም ካሉህ ዝም ብለህ አትውጣ፣ ቆመህ ጠይቅ፣ እንቢ ካሉ የእንቢ ባዩን ስም ጻፍ። ማህተም የሌለው አቤቱታ እንዳልቀረበ ነው የሚቆጠረው፣ የኔን ሳይክል አስታውሱ።

የፖሊሱን ስም አላውቅም፣ ምን ላድርግ?

ችግር የለውም። ማን መቼ የት ተሰማርቶ እንደነበር ጣቢያው መዝገብ አለው። አንተ ሰዓቱንና ቦታውን በትክክል ከሰጠህ ስሙን ማግኘት የነሱ ስራ ነው። ማዕረጉን ከትከሻው ወይ ከክንዱ ማየት ከቻልክ ጥሩ፣ የመኪና ታርጋ ካለ ጥሩ። ሲቪል ለብሶ ከሆነ መታወቂያ የመጠየቅ መብት አለህ፣ በትህትና ጠይቅ፣ "መታወቂያህን አምጣ" ብለህ ስትጮህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ቪዲዮ ቅረጽ ወይ የሚለኝ አለ። እኔ የምለው ራስህ እየተያዝክ ስልክ አታውጣ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ይሁን የሚያየው፣ ምስክር ከቪዲዮ አያንስም። ቀርጸህም ከሆነ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቅህ በፊት ኮፒውን አስቀምጥና አቤቱታህን አስገባ። መጀመሪያ ለቅቀው በኋላ የሚመጡት "ስማችንን አጠፋህ" በሚል ሌላ ክርክር ተጠምደው ነው የሚመጡት።

ወንድሜ አርብ ማታ ተያዘ፣ ሰኞ ነው የሚቀርበው አሉን፣ ልክ ነው?

አርብ ማታ! ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የለም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም የሚል ቃል የለውም። ከጣቢያ ፍርድ ቤት ደሞ ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ ለባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው?

ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፣ ሲዳምኛ ብቻ የሚችል ሰው በአማርኛ ተነግሮት ከሆነ አልተነገረውም ማለት ነው። ዝም የማለት መብት አለው። አንቀጽ 21 ደሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሀኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል፣ "ምርመራ ላይ ስለሆነ አይታይም" የሚለው ነገር በጣም የተለመደ ነው ግን ህገ መንግስቱ ላይ አላየሁትም።

48 ሰዓቱ ካለፈ "አካልን ነፃ የማውጣት" አቤቱታ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፣ የፍትሐ ብሔር ስነ ስርዓት ህጉ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ አለው፣ ፍርድ ቤቱ ያሰረውን ሰው ከነታሳሪው ጠርቶ በምን ህግ ያዝከው ይለዋል። ከዛ ጎን ለጎን ያሰረው ፖሊስ በዲሲፕሊን ይጠየቃል፣ ህገ ወጥ እስር ደሞ በወንጀል ህጉ አንቀጽ 423 ወንጀል ነው፣ ቀልድ አይደለም።

ቤቴን በሌሊት ፈተሹት።

የፍርድ ቤት ማዘዣ አሳዩህ? ማዘዣ ኖሮም ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደ ፍተሻ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። ያለ ማዘዣ የሚፈተሽበት ጊዜ አለ፣ ለምሳሌ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ሲሮጥ የገባን ሰው ተከትለው ሲገቡ፣ ግን ጠባብ ነው። የወሰዱትን ዕቃ ዝርዝር ጠይቅ፣ ያልፈረምክበትን ዝርዝር አትመን።

ተመትቼ ነው የወጣሁት። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ህክምና፣ ዛሬውኑ፣ ነገ አይባልም። ሰንበር በሶስት ቀን ይጠፋል። አዳሬ ሆስፒታልም ይሁን ሪፈራል ሂድ፣ ለሀኪሙ "ወደቅሁ" አትበል፣ ማን እንደመታህ በግልጽ ተናገርና ካርድህ ላይ ይጻፍ። አንዳንድ ቦታ "የፖሊስ ደብዳቤ አምጣ" ይላሉ፣ የመታህን ሰው ደብዳቤ ጻፍልኝ ልትለው ነው እንግዲህ። ቢያንስ እንደ ማንኛውም ታካሚ ታክመህ የታከምክበት ቀንና ጉዳቱ ካርድህ ላይ ይስፈር፣ ደብዳቤውን በኋላ በዐቃቤ ህግ ወይ በፍርድ ቤት በኩል ታመጣዋለህ። ፎቶ አንሳ፣ የተቀደደ ሸሚዝህን አትጠበው።

ገና እስር ላይ ያለ ሰው ከሆነ የመጀመሪያ ቀጠሮ ላይ ለዳኛው ይናገር። ዳኛው ፊት ሸሚዙን ገልጦ ያሳየ ሰው አውቃለሁ፣ ዳኛዋ እዛው ህክምና እንዲሄድ አዘዙ። ዝም ብሎ ከተመለሰ በኋላ "ለምን ያኔ አልተናገርክም" ይባላል።

አስገድደው ቃል አስፈርመውህ ከሆነ ያ ቃል ማስረጃ አይሆንም፣ አንቀጽ 19 ነው። ተጠርጣሪን መደብደብ ወይ ማሰቃየት በወንጀል ህጉ አንቀጽ 424 እስከ 10 አመት ያስቀጣል፣ በባለስልጣን ትዕዛዝ የተደረገ ከሆነ አዛዡ እስከ 15 አመት። አስቸኳይ ጊዜ ነበር ብለው የሚያመካኙም አሉ፣ ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን በአስቸኳይ ጊዜም የማይነካ ነው።

ታዝዤ ነው ቢልስ?

ትዕዛዙ ህገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ እሱም ይጠየቃል፣ ያዘዘውም ይጠየቃል። ማመልከቻህ ላይ ሁለቱንም ጥቀስ።

የትራፊክ ፖሊስ ብር ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፣ አሁን ልክሰስ?

የባጃጅ ልጆች ጥያቄ ነው ይሄ። "ጋሼ ሻይ ብዬው ነው እኮ ያለፍኩት" ይሉኛል። ወንድሜ ሰጪውም በሙስና ህግ ይጠየቃል፣ ቁጥር 881/2007 ለሁለቱም ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከመስጠትህ በፊት አስብ። ቅጣት ካለብህ በክስ ወረቀት ይሁን፣ የምትከፍለውም በደረሰኝ ይሁን፣ ደረሰኝ የሌለው ብር ቅጣት አይደለም። መንጃ ፈቃድህን ከወሰደ በምን እንደወሰደ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ።

ተገደህ ሰጥተህ ከሆነ፣ ማለትም ሳታጠፋ "ካልሰጠኸኝ አስርሃለሁ" ተብለህ፣ ያንን እንዳለ ጽፈህ ቶሎ ማመልከት ነው፣ ስትቆይ ነው ሻይ የሚመስለው። በሞባይል ባንክ ከላክህለት ደሞ በራሱ እጅ ማስረጃ ሰጥቶሃል።

ደንብ አስከባሪ ዕቃዬን ወሰደብኝ፣ ለፖሊስ ኮሚሽን ልጻፍ?

አይ። ደንብ አስከባሪ ፖሊስ አይደለም፣ ሚሊሻም እንደዛው። ደንብ አስከባሪውን ወደ አሰማራው ክፍለ ከተማ ወይ ከተማ አስተዳደር ነው የምትሄደው። ከመታህ ግን እሱ ወንጀል ነው፣ የመታህ ማንም ይሁን ማን ፖሊስ ጣቢያ ይመዘገባል።

ጥፋተኛ ከተባለ ምን ይደርስበታል?

እንደ ጥፋቱ ነው። ከማስጠንቀቂያ ይጀምራል፣ የደመወዝ ቅጣት አለ፣ ከማዕረግ ዝቅ ማድረግ አለ፣ ስንብት አለ። ክልልና ፌዴራል የየራሳቸው የፖሊስ ደንብ ስላላቸው ዝርዝሩ ይለያያል። የመንግስት ሰራተኞች አዋጅ 1064/2010ን ይዘው የሚመጡ አሉ፣ ያ የሲቪል ሰርቫንት ነበር፣ የፌዴራል ፖሊስ አባልን ከሱ አውጥቶት ነበር፣ እሱ ራሱም በ2017 በሌላ አዋጅ ተተክቷል።

"ወደ ሌላ ጣቢያ አዛወሩት" ብለው ደስ ብሏቸው የሚመጡ አሉ። ዝውውር ቅጣት አይደለም ባካችሁ። ችግሩን ከአንተ ሰፈር ወደ ሌላ ሰው ሰፈር መውሰድ ነው። ተዛውሯል ከተባልክ "ውሳኔው ምንድነው?" ብለህ በጽሁፍ ጠይቅ።

ካሳ አገኛለሁ?

ዲሲፕሊን ኮሚቴ ካሳ አይሰጥም። ካሳ በፍርድ ቤት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2126 የመንግስት ሰራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፣ ጥፋቱ የስራ ጥፋት ከሆነ ማለት በቅን ልቦና ለመንግስት ጥቅም በስልጣኔ ውስጥ ነኝ ብሎ ያደረገው ከሆነ መንግስትንም መክሰስ ትችላለህ፣ መንግስት ደሞ ከፍሎ ወደሱ ይመለሳል። ለግል ቂሙ ያደረገው ከሆነ ግን ከራሱ ኪስ ነው። ጊዜው በመሰረቱ 2 አመት ነው፣ አስቡበት፣ "ይረጋጋ ነገሩ" እያላችሁ ሶስት አመት ቆይታችሁ አትምጡ። (ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ከዛ ከረዘመ እሱ ነው የሚሰራው።)

ብከስ ይበቀሉኛል ብዬ እፈራለሁ።

ይሄን አላናንቅም፣ ሰፈር አንድ ነው፣ ጠዋት የከሰስከውን ሰው ማታ ፒያሳ ታገኘዋለህ። አንድ እናት መጥተው "ልጄ፣ እኔ እንኳን አርጅቻለሁ፣ ልጄን ያጠምዱብኛል ብዬ ነው" አሉኝ፣ ምን ልበላቸው። ያደረግነው ይሄን ነው፣ ማመልከቻውን ለጣቢያው ሳይሆን ለከተማው ፖሊስ ጻፍንና ግልባጭ ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አልን። ግልባጭ የሚለው ቃል ሀይል አለው፣ ሌላ ቤት እንዳየው ሲያውቁ እጅ ይሰበሰባል። ከዛ ማስፈራሪያ ከመጣም በቃ ሁለተኛ ጥፋት ነው፣ ቀኑንና የደወለውን ቁጥር ጻፍ፣ ተጨማሪ ማመልከቻ አስገባ። ለከባድ ወንጀል ምስክርና ጠቋሚ ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅም አለ፣ 699/2003።

በሌላ በኩል ደሞ ቂም ይዛችሁ ያልሆነውን ሆነ ብላችሁ እንዳታስጽፉኝ፣ በሐሰት መወንጀልም ወንጀል ነው። እኔም አልጽፍም፣ ሁለት ሰው መልሻለሁ።

እኔ ራሴ ፖሊስ ነኝ፣ በዲሲፕሊን ተከስሻለሁ።

እናንተም ትመጣላችሁ፣ መለዮ አውልቃችሁ በሲቪል፣ ቆብ አድርጋችሁ። አውቃለሁ፣ ችግር የለም፣ ለእናንተም እጽፋለሁ።

ክሱን በጽሁፍ የማግኘት፣ መልስ የመስጠት፣ ማስረጃና ምስክር የማቅረብ፣ ከዛ ይግባኝ የማለት ዕድል ሊኖራችሁ ይገባል፣ ሳይሰሙ መቅጣት ፖሊስ ላይም ሲሆን በደል ነው። ይግባኝ የት እንደሆነና በስንት ቀን እንደሆነ የክልላችሁ የፖሊስ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አለ፣ ውሳኔው የደረሳችሁን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉበት ምክንያቱም ቀኑ የሚቆጠረው ከዛ ነው። መልሳችሁን "ክሱን ክጃለሁ" ብላችሁ በአንድ መስመር አትጨርሱት፣ የዛን ቀን የት እንደተሰማራችሁ፣ ማን እንዳሰማራችሁ፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ ጻፉ። አንዱ ልጅ ተጠርጣሪ አስመለጥክ ተብሎ መጣ፣ ስንነጋገር ለካ ብቻውን አራት ሰው እንዲጠብቅ ተመድቦ፣ የመጠበቂያ ክፍሉ በር ቁልፍ ከተበላሸ ወር አልፎታል፣ እሱም ሁለቴ ሪፖርት አድርጓል። "ሪፖርቱ የታል?" አልኩት። በቃል ነው ያደረግኩት አለኝ። ፖሊስ ሆኖ በቃል! ተሳስቀን ከዛ አብረውት ተረኛ የነበሩ ሁለት ሰዎች ስም ጻፍን፣ ቁልፉ እስካሁን አልተሰራም ነበርና ኮሚቴው ሄዶ እንዲያይም ጠየቅን።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ይለያያል። አንዳንዱ በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዱ ወራት። የእኔ ልማድ እንዲህ ነው፣ ካስገባህ በ15ኛው ቀን ገቢ ቁጥሩን ይዘህ ሂድና "ማን ጋ ተመራ?" በል፣ "በሂደት ላይ ነው" ካሉህ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ጠይቅ። በወሩ ማስታወሻ የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሰህ። በሁለተኛው ወር ምንም ከሌለ ሁለቱንም ኮፒ ይዘህ እንባ ጠባቂ ጋ ሂድ። ማመልከቻዎቹን ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ክረምት ላይ ሀዋሳ ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ ማህተሙ ለቅቆ የመጣ ወረቀት አይቼ ሆዴ ባብቷል።

እሁድ አልሰራም። ሌላ ቀን ከ2 ሰዓት ጀምሮ ዛፏ ስር ነኝ፣ የምታመጡትን ቀንና ሰዓት ግን ቤታችሁ አስታውሳችሁ ኑ።